ቀለሙ አያቀዘቅዝም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ታገሱኝ። መኪና ያላችሁ ለራሳችሁ አንብቡት። እንደ እኔ መኪና የሌላችሁ ደግሞ መኪና ላለው ዘመዳችሁ አድርሱልኝ።

ነገሩ የጀመረው ከስድስት ወር በፊት ነው። ክፍል ልገባ ስል ስልኬ ጠራ። የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ከእናቱ ጋር ዕቁብ ጥለው፣ ከዘመድም ተበድረው ያገለገለ ሚኒባስ ገዝተዋል፤ ከአራት ኪሎ ሽሮ ሜዳ ይሠራል። መለዋወጫ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ነው የደወለው።

"ቲቸር፣ ኩላንት ልገዛ ነበር። ቀዩ ይሻላል አረንጓዴው? ቀዩ ውድ ነው፤ እዚህ ርካሽ አረንጓዴ አለ" አለኝ።

ደወሉ ተደውሏል፤ ተማሪዎቹ እየጠበቁኝ ነው። "ቀለም እኮ ቀለም ነው። ያው ሁሉም ግላይኮል ነው፤ ርካሹን ግዛ" ብዬው ገባሁ።

ባለፈው ወር ሚኒባሱ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ሰው እንደጫነ ፈልቶ ቆመ። ጋራዥ ሲገባ ቴስታታው ተጣሟል፤ ጋስኬቱ ተቃጥሏል። ራዲያተሩ ሲከፈት ቀጫጭን ቱቦዎቹ ግማሽ በግማሽ በዝገትና በነጭ ድንጋይ ተደፍነዋል። መኪናው ሦስት ሳምንት ቆመ። መኪና ቆመ ብሎ ግን ዕቁብ አይቆምም፤ ዕዳም አይቆምም።

ልጁ አልወቀሰኝም። ከዚያ ኩላንት የተረፈውን በጀሪካን ይዞልኝ መጣና "ቲቸር፣ እስቲ ላብ ውስጥ ይዩልኝ፤ ምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው" አለኝ። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ያለን ላብ ይህን ያህል የሚያኮራ አይደለም። ሚዛን፣ ሊትመስ ወረቀትና መለኪያ ሲሊንደር ግን አይጠፋም። 500 ሚሊ ሊትር ለክተን መዘንን፦ 501 ግራም። ሊትመስ ነከርን፦ ቀዩም ቀይ፣ ሰማያዊውም ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ልጁ ራሱ ቀድሞኝ ገባው። "ቲቸር፣ ውሃ ነው እንዴ?" አለ። አዎ። አረንጓዴ ቀለም የገባበት ውሃ ነው።

እንዴት እንዳወቅን ልንገራችሁ። ኤቲሊን ግላይኮል ከውሃ ይከብዳል። ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር የተደባለቀ ኩላንት አንድ ሊትሩ ወደ 1,070 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ ግማሽ ሊትሩ 535 ግራም አካባቢ መሆን ነበረበት። ደህና ኩላንት ደግሞ ሲሠራ ጀምሮ ወደ ቤዝ እንዲያደላ ነው የሚደረገው፤ ቀይ ሊትመስን ሰማያዊ ያደርጋል። የኛው ሁለቱንም ፈተና ወደቀ።

እውነቱን ለመናገር ያን ሞተር ያ ጀሪካን ብቻውን አልገደለውም። ከዚያ በፊት የነበረው ባለቤት ዓመቱን ሙሉ የቧንቧ ውሃ ነበር የሚሞላበት። ግን የቆየውን በሽታ ሊያስታግስ የሚችለው መድኃኒት በተገዛበት ቀን፣ እኔ ነኝ "ርካሹን ግዛ" ያልኩት። የተናገርኩት ግማሽ እውነት ነበር። ዛሬ ሌላውን ግማሽ ልናገር።

በመጀመሪያ ግን ለውሃ ጠበቃ ልቁምለት። ሙቀት ተሸክሞ በመውሰድ ውሃን የሚያክል የለም። አንድ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 4.18 ጁል ይፈጃል። ንጹህ ኤቲሊን ግላይኮል 2.4 አካባቢ ነው፤ ግማሽ በግማሹ ድብልቅ ደግሞ 3.3 ገደማ። ሙቀት በውስጡ በማሳለፍም ውሃ ይበልጠዋል። ስለዚህ "ውሃ ይበቃል" የሚሉት የድሮ ሾፌሮች ከመሬት ተነስተው አይደለም የሚናገሩት። መንገድ ላይ ኩላንት ቢያልቅባችሁና ያላችሁ ውሃ ብቻ ቢሆን፣ ሞተሩ ሲበርድ ውሃ ጨምራችሁ ቤታችሁ ግቡ። ደረቅ ከመንዳት በስንት ጣዕሙ!

ችግሩ ውሃ ሙቀት ከመሸከም ሌላ ሁለት ሥራ ላይ ሰነፍ መሆኑ ነው።

አንደኛው መፍላት ነው። "አዲስ አበባ በረዶ አይጋገርም፤ አንቲፍሪዝ ለምን ያስፈልገኛል?" የሚል ሰው ብዙ አለ። የእንግሊዝኛ ስሙ አሳሳተን እንጂ የኛ ጉዳይ ከመቀዝቀዝ ይልቅ መፍላት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት ደግሞ በ82 እና በ88 መካከል ነው መከፈት የሚጀምረው። ልዩነቱን አያችሁት? ሞተሩ ገና ወደ መደበኛ ሥራው ሲገባ ውሃው ሊፈላ አሥር ዲግሪ እንኳ አልቀረውም።

የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ብዙ የጃፓን መኪኖች ክዳን ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ባለ 0.9 ክዳን ደህና ከሆነ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃው የሚፈላበት ሙቀት ወደ 114 ዲግሪ ከፍ ይላል። ግማሽ ግላይኮል ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ስምንት ዲግሪ ያህል ያገኛል፤ ወደ 122 ይደርሳል። ክዳኑ ቢላላ ወይም ጎማው ቢደርቅ ግን ውሃ ብቻ የያዘ ሞተር 92 ላይ ይንተከተካል። ድብልቅ የያዘው እስከ 100 ይታገሳል። ዳገት ላይ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሰው ሞልቶ ለሚወጣ ሚኒባስ ያቺ ስምንት ዲግሪ ትርፍ ነገር አይደለችም። (በነገራችን ላይ ሞተር እንደጋለ ክዳን እንዳትከፍቱ። ግፊቱ በለቀቀበት ቅጽበት ከ100 በላይ የነበረው ፈሳሽ በአንዴ ይፈላና ፊታችሁ ላይ ነው የሚመጣው።)

የኔ ተማሪዎች ይህን ታውቁታላችሁ። ኮሊጋቲቭ ፕሮፐርቲስ ብለን ብላክቦርድ ሞልተን ጽፈነዋል፦ የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ የሚያደርገው የተጨመረው ነገር የቅንጣት ብዛት ነው። እኔ ለፈተና አስተማርኳችሁ፤ ለራዲያተር ግን አላስተማርኳችሁም።

ሁለተኛው የውሃ ስንፍና ከመፍላትም ይብሳል፤ ምክንያቱም አይታይም። ሞተር ውስጥ አንድ ዓይነት ብረት አይደለም ያለው። ብሎኩ ብዙ ጊዜ የተቀለጠ ብረት ነው፤ የብዙዎቹ ቴስታታ አልሙኒየም ነው፤ ራዲያተሩ አልሙኒየም፣ የድሮ ከሆነ መዳብና ነሐስ ነው። የተለያዩ ብረቶች በአንድ ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ሲነካኩ ምን ይሆናል? ጋልቫኒክ ሴል! ትንሽ ባትሪ ተሠራ ማለት ነው፤ እዚያ ባትሪ ውስጥ የሚበላው ደግሞ ደካማው ብረት፣ አልሙኒየሙ ነው። የቧንቧ ውሃ ላይ ደግሞ ካልሲየም ባይካርቦኔት አለ፤ ሲሞቅ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጥና እንደ ድንጋይ ይጋገራል። ድሬዳዋ ወይም መቀሌ የኖረ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ነገር ያውቀዋል። ያ ነገር የራዲያተር ቱቦ ውስጥ ሲጋገር አስቡት። ድንጋዩ ሙቀት አያሳልፍም፤ ቱቦው ይጠባል፤ ሞተሩ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየጋለ ይሄዳል። ሾፌሩ "ዛሬ ፀሐይ ነው" ይላል።

እንግዲህ ወደ ኩላንቱ እንምጣ። ጠርሙሱ ውስጥ ሦስት ነገር ነው ያለው፦ ግላይኮል፣ ውሃ፣ እና ዝገት የሚከላከሉ ቅመሞች። ቀለሙ ከሦስቱ አንዱም አይደለም።

ግላይኮሉ ሁለት ዓይነት ነው። በብዛት የሚሸጠው ኤቲሊን ግላይኮል ነው። ብቻውን 197 ዲግሪ ላይ ይፈላል። የሚገርመው፣ ብቻውን ሲሆን ከዜሮ በታች 13 ላይ ይረጋል፤ ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ሲሆን ግን እስከ 37 ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ከሁለቱም ይሻላሉ ማለት ነው። ለዚህ ነው "ኮንሰንትሬት" የሚለውን ውሃ ሳይጨምሩ መሙላት ስህተት የሚሆነው። ወፍራም ይሆናል፣ ሙቀት አይሸከምም፣ ገንዘብም ብክነት ነው። ሁለተኛው ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው፤ 188 ላይ ይፈላል። ሞለኪዩሉ ከበድ ስለሚል (76 በ62) በእኩል ግራም ውስጥ ቅንጣቱ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ከውርጭ በመከላከልም ሆነ የመፍያ ሙቀት ከፍ በማድረግ ከኤቲሊኑ በትንሹ ያንሳል። ዋናው ጥቅሙ መርዛማነቱ እጅግ ዝቅተኛ መሆኑ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

እስከዚህ ድረስ "ሁሉም ግላይኮል ነው" ያልኩት ብዙም አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት ቅመሙ ላይ ነው።

የቆየው ትውልድ ኩላንት ብረቱን በጨው ነው የሚጠብቀው፦ ሲሊኬት፣ ፎስፌት፣ ቦሬት የመሳሰሉት። በተለይ ሲሊኬት አልሙኒየሙ ላይ ቶሎ ስስ ሽፋን ይሠራል። ግን ቶሎ የሚሠራ ቶሎ ያልቃል፤ በሁለት ዓመት አካባቢ መቀየር አለበት። አዲሱ ትውልድ ኦርጋኒክ አሲዶችን ይጠቀማል፤ ካርቦክሲሌት የሚባሉትን። እነዚህ ሁሉንም ቦታ አይለብጡም፤ ዝገት ሊጀምር ያለበት ቦታ ላይ ሄደው ይይዛሉ። ስለዚህ ቀስ ብለው ነው የሚያልቁት፤ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ሦስተኛው የሁለቱ ቅልቅል ነው። የጃፓን ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ ኦርጋኒክ አሲድ ከፎስፌት ጋር ይመርጣሉ፤ ሲሊኬት ይሸሻሉ፤ የውሃ ፓምፑን መዝጊያ ይፈጫል ብለው። አውሮፓውያኑ ደግሞ ከሲሊኬት ጋር ይመርጣሉ፤ ፎስፌት ይሸሻሉ፤ ውሃቸው ካልሲየም ስለሚበዛበት ፎስፌቱ ይረጋባቸዋል። አያችሁ፣ ነገሩ የአገር ውሃ ጉዳይ ጭምር ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ቀለሙ ይነግራችኋል? አይነግራችሁም። የቆየው የቶዮታ ኩላንት ቀይ ነው። ቮልስዋገን ጂ12 ብሎ ያወጣውም ቀይ ነበር። ቅመማቸው ግን አንድ አይደለም። ያ ጂ12 ከእሱ በፊት ከነበረው ሰማያዊ-አረንጓዴ ጂ11 ጋር ሲደባለቅ ቡናማ አተላ ይሆን ስለነበር ራሱ ፋብሪካው እንዳይደባለቅ አስጠንቅቋል። ቀለሙ የተጨመረው መፍሰሱ እንዲታይና ሰው ለይቶ እንዲያውቀው ነው። ቀለም ለመጨመር ደግሞ ማንም ይችላል። በርበሬም ቀይ ነው፤ የሸክላ ዱቄትም ቀይ ነው። ገበያ ወጥታችሁ በርበሬን በቀለሙ ብቻ ትገዛላችሁ? እናቶቻችን ያሸታሉ፣ ይቀምሳሉ፣ በጣታቸው ያሻሉ። ኩላንት ላይ ሲሆን ነው በዓይን ብቻ የምንገዛው። (ኩላንት ግን እንዳትቀምሱ፤ ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።)

ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው፤ መርዝም ነው። ጉበት ውስጥ ገብቶ እየተለወጠ በመጨረሻ ኦክሳሊክ አሲድ ይሆናል፤ እሱ ከደም ካልሲየም ጋር ተያይዞ ኩላሊት ውስጥ እንደ መርፌ ያለ ክሪስታል ይሠራል። ለአዋቂ ሰው 100 ሚሊ ሊትር አካባቢ ሊገድል ይችላል፤ ለሕፃን ከዚያ እጅግ ያነሰ ይበቃል። እስቲ አሁን የየቤታችሁን ጓሮ ተመልከቱ። የተረፈ ኩላንት በምንድን ነው የምናስቀምጠው? በሃይላንድ! አረንጓዴ ወይም ቀይ፣ የሚጣፍጥ ፈሳሽ፣ ልጅ ሁልጊዜ በሚጠጣበት ጠርሙስ። ይህን የሚያደርግ ሰው ካለ ዛሬውኑ ያቁም። የጠጣ ሰው መጀመሪያ እንደ ሰከረ ነው የሚሆነው፤ ከዚያ የተሻለው ሊመስል ይችላል። እንዳትታለሉ፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ሐኪም ቤት ሩጡ። የተቀየረውንም ኩላንት ውሻና ከብት በሚጠጡበት ቦይ አትድፉት።

"ታዲያ ምን እናድርግ?" ለምትሉኝ፣ ልጁን በስልክ መጠየቅ የነበረብኝን ሦስት ጥያቄ ልጻፍ።

አንድ፦ የመኪናህ መመሪያ ምን ዓይነት ይላል? መመሪያው ከሌለ የመኪናውን ስሪትና ሞዴል ይዘህ፣ በቀለም ሳይሆን በዓይነት ጠይቅ።

ሁለት፦ ጠርሙሱ ላይ ምን ተጽፏል? የግላይኮሉ ዓይነትና መጠን፣ የቅመሙ ዓይነት፣ እንደ ኤኤስቲኤም ዲ3306 ወይም እንደ ጃፓኑ ጂስ ኬ2234 ያለ መለኪያ አለው? ውሃ የሚጨመርበት ነው ወይስ የተዘጋጀ? "ኩላንት" የሚል ቃልና የሚያምር መኪና ፎቶ ብቻ ካለው ተወው። የሚጨመርበት ከሆነ ደግሞ በተጣራ ውሃ ነው፤ ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው ዲስትልድ ውሃ ማለቴ ነው (አሲዱን እንዳይሰጡህ ተጠንቀቅ)። የታሸገ የማዕድን ውሃም አይሆንም፤ ለጠጪ የጠቀመው ማዕድን ለራዲያተር ድንጋይ ነው።

ሦስት፦ አሁን ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ካላወቅከው አትደባልቅ። አውጥተህ፣ በንጹህ ውሃ አጥበህ፣ አዲስ ሙላ። ተደባልቆ አተላ ባይሆን እንኳ ዕድሜው ወደ አጭሩ ይወርዳል።

ከገዛህ በኋላም ሁለት ርካሽ ፈተና አለ። በአንድ ዓይነት ጠርሙስ እኩል ውሃና እኩል ኩላንት ለክተህ በዲጂታል ሚዛን መዝን። ከውሃው ካልከበደ ተሸውደሃል። ሁለተኛው ሊትመስ ነው፤ ይህኛው ለቆየ ኩላንትም ይሠራል። ግላይኮል በሙቀትና በአየር እየተበላሸ አሲድ ይሆናል፤ ሰማያዊ ሊትመስ ቀይ ካደረገ ቅመሙ አልቋል፣ አሁን ራሱ ኩላንቱ ብረት እየበላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ክብደቱ መርዘኛውን ከጥሩው አይለይም፣ የቅመሙንም ዓይነት አይነግርም፤ ቀለም የተቀባ ውሃን ግን ያጋልጣል።

"ጥሩው ውድ ነው" የሚለውን ክርክር አልንቀውም። ለልጁም ያኔ ልዩነቱ የአንድ ቀን ገቢ ያህል ነበር፤ የአንድ ቀን ገቢ ቀላል አይደለም። ግን ሦስት ሳምንት የቆመ ሚኒባስ፣ ቴስታታ ማስተካከያ፣ ጋስኬት፣ ራዲያተር፣ የእጅ ዋጋ ስትደምሩት ርካሹ ኩላንት በከተማው ውስጥ ካሉት ሁሉ ውዱ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ደግሞ የምለው ውዱን ግዙ አይደለም። ውዱም በቀለም ብቻ ከተሸጠ ያው ነው። የምለው፣ ምን እንደያዘ የማይናገር ጠርሙስ አትግዙ ነው።

ይህ ደግሞ የገዢው ሸክም ብቻ መሆን የለበትም። አስመጪውም ሆነ እዚህ የሚያሽገው የግላይኮሉን ዓይነትና መጠን፣ የመርዝ ማስጠንቀቂያውንም ጭምር በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ይጻፍ። ተቆጣጣሪው አካል አንድ ጠርሙስ ከሱቅ አንስቶ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አያቅተውም። እኛ ከሃያ ዓመት በላይ ባገለገለ ሚዛን አድርገነዋል።

እኛ አስተማሪዎችስ? እኔ አንድ ነገር ወስኛለሁ። በሚቀጥለው ኮሊጋቲቭ ፕሮፐርቲስ ሳስተምር የዚያን ጀሪካን ተራፊ ክፍል ይዤ እገባለሁ። አንድ ቡድን ይመዝናል፣ አንድ ቡድን ሊትመስ ይነክራል፣ አንዱ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያነባል። ከእነዚያ ልጆች መካከል ነገ ሚኒባስ የሚገዛ አለ።

ልጁ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። መኪናው ወጥቷል፤ ወደ ሥራ ተመልሷል። ይቅርታ ስጠይቀው "ቲቸር፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፤ ያኔ ክፍል ነበረብዎት" አለኝ። አዎ፣ ክፍል ነበረብኝ። እሱም እኮ ተማሪዬ ነበር።

ይህን ለሾፌር ወንድማችሁ፣ ለመካኒክ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉት። ጋራዥ የምትሠሩ የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ የተሳሳትኩት ነገር ካለ ሳታፍሩ አርሙኝ፤ ማርክ አልቀንስም።

ሰላም ዋሉ።